ሰንደቅ ዓላማው በቺፑ ፊት ላይ ይቀመጥ፤ ቀለሙ ግን ለዋጋው ይተው

ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ባለፈው እትማችሁ ስለ ቤት ውስጥ መዝናኛ ባወጣችሁት ጽሑፍ፣ አንድ የጓደኛሞች ቡድን ለፖከር የካርታ ጨዋታው በትእዛዝ ያሠራው የቺፕ፣ ማለትም በገንዘብ ፋንታ ለውርርድ የሚያገለግሉ ክብ ዝርግ ምልክቶች፣ ስብስብ ፎቶግራፍ ወጥቶ ተመልክቻለሁ። የአንድ ዶላሩ ቺፕ አረንጓዴ፣ የአምስቱ ቢጫ፣ የሃያ አምስቱ ቀይ ሲሆን፣ የሦስቱም ጠርዝ በተመሳሳይ ነጭ ሰረዝ ተጊጧል። ጸሐፊው ይህ በሰንደቅ ዓላማችን ቅደም ተከተል የተደረገ መሆኑን በአድናቆት ገልጸው፣ ቺፕ ለማሠራት የሚያስቡ ሌሎች ወገኖችም ይህንኑ አርአያ እንዲከተሉ ይመክራሉ። እኔ ላስ ቬጋስ ውስጥ በካዚኖ ካርታ አከፋፋይነት የምሠራ አንባቢያችሁ ነኝ። ምክሩ ከአገር ፍቅር የመነጨ መሆኑን አልጠራጠርም። ሆኖም ቺፕ ሲቆጥር ለሚውል ሰው ከዚህ የከፋ የቀለም ምርጫ ማግኘት አስቸጋሪ በመሆኑ፣ አንባቢዎች ገንዘባቸውን ከማውጣታቸው በፊት ሌላም ሐሳብ እንዲሰሙ ይህን ደብዳቤ ጽፌያለሁ።

ወደ ጉዳዩ ከመግባቴ በፊት፣ ዓላማዬ ቁማርን ማስፋፋት እንዳልሆነ መግለጽ እወዳለሁ። በሥራዬ ምክንያት የቤት ኪራዩን ጠረጴዛ ላይ ትቶ የሚወጣ ሰው አይቻለሁ፤ ስለዚህ ጨዋታውን ከሚነቅፉ አባቶችና እናቶች ጋር ክርክር የለኝም። የማወራው አልፎ አልፎ ቅዳሜ ማታ ተሰብስበው፣ ቢሸነፉ ከአንድ እራት ዋጋ የማይበልጥ ገንዘብ ይዘው ስለሚጫወቱ ወዳጆች ነው። በኔቫዳ ሕግም በግል መኖሪያ ቤት የሚደረግና ከተጫዋችነት በቀር ማንም ሰው ጨዋታውን በማካሄዱ ገንዘብ የማያገኝበት የካርታ ጨዋታ፣ ፈቃድ ከሚያስፈልጋቸው የቁማር ጨዋታዎች ጋር አይቆጠርም። ሌሎች ክፍለ ግዛቶችና አገሮች የየራሳቸው ሕግ ስላላቸው፣ የሚኖሩበትን ቦታ ሕግ ማጣራት የአንባቢው ፈንታ ነው።

አሜሪካ ውስጥ ለቤት ጨዋታ ሲሸጥ የኖረው የቀድሞው ስብስብ ሦስት ቀለም ብቻ ነበረው፤ ነጭ፣ ቀይና ሰማያዊ። ነጩ አንድ፣ ቀዩ አምስት፣ ሰማያዊው ደግሞ አሥር ወይም ሃያ አምስት ሆኖ ይቆጠር ነበር። ካዚኖዎች ሲበዙ ዝርዝሩ ረዘመና፣ ዛሬ በአብዛኛው የአገሪቱ ክፍል ቀይ 5፣ አረንጓዴ 25፣ ጥቁር 100፣ ወይን ጠጅ 500 ዶላር ማለት ሆኗል። የአንድ ዶላሩ ከቦታ ቦታ ነጭ፣ ሰማያዊ ወይም ግራጫ ይሆናል፤ የሺው ዶላርም አንድ ቤት ቢጫ፣ ሌላ ቤት ብርቱካናማ ነው። ይህ በኔቫዳ ልማድ እንጂ ግዴታ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1978 ጀምሮ በአትላንቲክ ሲቲ ካዚኖ ያላት ኒው ጀርሲ ግን ቀለሞቹን በደንብ ጽፋ ደንግጋለች፤ ነጭ 1፣ ሮዝ 2 ዶላር ከ50፣ ቀይ 5፣ ቢጫ 20፣ አረንጓዴ 25፣ ጥቁር 100፣ ወይን ጠጅ 500። ሮዙ እንግዳ ቢመስልም ሥራ አለው፤ በብላክጃክ፣ ማለትም የካርታዎቹን ድምር ወደ ሃያ አንድ በሚያስጠጉበት ጨዋታ፣ 5 ዶላር ያስያዘ ሰው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ካርታዎች ሃያ አንድ ሲሞላለት በ3 ለ2 ሒሳብ 7 ዶላር ከ50 ስለሚከፈለው፣ ሃምሳ ሳንቲሟን ያለ ዝርዝር የምትሸፍነው እርሷ ናት። ልማዱ የማይሠራበት ቦታም አለ። በሎስ አንጀለስ አካባቢ ባሉ አንዳንድ የካርታ ቤቶች የ5 ዶላሩ ቺፕ ቢጫ ነው። ስለዚህ በፎቶግራፉ ላይ ያለው ቢጫ አምስት ጨርሶ ወግ የሌለው ነው አልልም፤ ቅሬታዬ በቀሪዎቹ ሁለቱ ላይ ነው።

አዘውትሮ ቺፕ የሚይዝ ሰው በቺፑ ላይ የተጻፈውን ቁጥር አያነብም። ቀይ ሲያይ አምስት፣ አረንጓዴ ሲያይ ሃያ አምስት ብሎ እጁ ቀድሞ ይሄዳል። በዚያ ስብስብ ግን ቀዩ ሃያ አምስት፣ አረንጓዴው አንድ ነው። ካዚኖ መጫወት የለመደ እንግዳ ቤታችሁ መጥቶ በሁለት ዶላር ውርርድ ላይ «ሬይዝ»፣ ማለትም ውርርዱን ከፍ አደርጋለሁ፣ ብሎ ቀይ ቺፕ ቢወረውር፣ አምስት ያሰበው ሃያ አምስት ይሆንበታል። ዝም ብሎ ቢወረውር ይሻለው ነበር፤ በተለመደው ደንብ ምንም ሳይናገሩ አንድ ትልቅ ቺፕ ማስቀመጥ ያለውን ውርርድ እንደ መቀበል ስለሚቆጠር መልሱ ይመለስለት ነበር። ቃሉ ከወጣ በኋላ ግን በካዚኖ ቢሆን ይጸናበታል። ቤት ውስጥ ደግሞ ተቆጣጣሪ ስለሌለ፣ ነገሩ «አላየሁትም» እና «አይተኸዋል» ወደሚል ንትርክ ይሄዳል፤ ታላቁ ሰው ገንዘቡን ከተወ ታናሹ ያፍራል፣ ታናሹ ከተወ ደግሞ ቅር ብሎት ይሄዳል። አምስት ዶላሩ ቡናማ ቢሆን፣ ማንም ሰው አዲስ ቀለም ሲያይ ጠይቆ ይማራል። የታወቀ ቀለም ዋጋው ተቀያይሮ ሲቀርብለት ግን የሚያውቅ ስለሚመስለው አይጠይቅም።

ከልማዱ በላይ የሚከብደው የዓይን ጉዳይ ነው። የሰሜን አውሮፓ ዝርያ ካላቸው ወንዶች 8 በመቶ ያህሉ፣ ከሴቶቹ ደግሞ 0.5 በመቶ ያህሉ ቀይንና አረንጓዴን አጥርተው የመለየት ችግር አለባቸው። በአፍሪካውያን ዘንድ መጠኑ ከዚህ ዝቅ ይላል፤ ነገር ግን የለም ማለት አይደለም። ጉድለቱ የሚተላለፈው በኤክስ ክሮሞዞም ሲሆን፣ ወንድ አንድ ኤክስ ብቻ ስላለው ጉዳቱን የሚያካክስለት ሌላ የለውም፤ በሴቶችና በወንዶች መካከል ያለው ልዩነት የመጣው ከዚህ ነው። የእኛ የፖከር ጠረጴዛዎች ደግሞ፣ እውነቱን ለመናገር፣ አብዛኛውን ጊዜ በወንዶች የተሞሉ ናቸው። ብዙዎቹ ችግሩ እንዳለባቸው እንኳ አያውቁም። የትራፊክ መብራቱን ከላይና ከታች ባለው ቦታው፣ ሸሚዛቸውን በሚስታቸው ምክር ይዘው ዕድሜያቸውን ይገፋሉ። ጃፓናዊው ሐኪም ሺኖቡ ኢሺሃራ እ.ኤ.አ. በ1917 ያወጡት የነጠብጣብ ምስሎች ፈተና ዛሬም በየዓይን ሐኪሙ ቤት ስላለ፣ ቺፕ ከማዘዝ በፊት ተጫዋቾችን «የቀለም ፈተና ወድቆ የሚያውቅ አለ?» ብሎ መጠየቅ ከጥቂት ሳቅ በቀር የሚያስከትለው ነገር የለም።

ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ቀይና አረንጓዴ ሁለቱም ወደ ቡናማና ወደ ደብዛዛ ቢጫ ይሳባሉ። ከችግሩ ዓይነቶች በአንደኛው ቀይ ከመጠን በላይ ስለሚጠቁር፣ ጠቆር ያለ ቀይ ከጥቁር ጋር ሊምታታ ይችላል። ፈካ ያለ አረንጓዴ ከቢጫ፣ ሰማያዊ ከወይን ጠጅ፣ ፈዛዛ ሮዝም ከግራጫ ጋር ያደናግራሉ። ሳይምታታ የሚቀረው ጥንድ ቢጫና ሰማያዊ ነው። እንግዲህ የሰንደቅ ዓላማውን ሦስት ቀለማት በዚህ ሚዛን ብናያቸው፣ አረንጓዴው ከቀዩም ከቢጫውም ጋር የመጋጨት ዕድል አለው፤ ከቀዩ ጋር ሲምታታ ደግሞ አንድ ዶላር ከሃያ አምስት ዶላር ጋር ተምታታ ማለት ነው።

በዚህ ረገድ የኔቫዳ የጨዋታ ኮሚሽን ደንብ ቁጥር 12 የሚጠይቀው ነገር ለቤት ጨዋታም ትልቅ ትምህርት አለው። ደንቡ ቺፑ ከሌላ ዋጋ ቺፖች ጋር ተደራርቦ በጥቁርና ነጭ የክትትል ቴሌቪዥን ሲታይ፣ ዋጋው ከሌሎቹ ተለይቶ እንዲታወቅ ሆኖ እንዲሠራ ያዛል። ደንብ አውጪዎቹ የጨነቃቸው የካሜራው ዓይን ነው፤ ነገር ግን ያለ ቀለም ሊለይ የሚችል ቺፕ፣ ቀለም ለሚያምታታው ሰውም፣ ብርሃኑ ለደከመበት ክፍልም፣ ሲመሽ ለደከመው ተጫዋችም ይለያል። ስለዚህ አምራቹ የሚልከውን የቀለም ናሙና ጠረጴዛ ላይ ደርድሮ በስልክ ፎቶ ማንሳትና ፎቶውን ወደ ጥቁርና ነጭ መቀየር፣ በነጻ የሚገኝ ከሁሉም የተሻለ ፈተና ነው። ቢጫ ነጭ ሊመስል ትንሽ ይቀረዋል፤ ሰማዩን የመሰለው ሰማያዊ መካከለኛ ግራጫ ይሆናል፤ ጥቁር ጥቁር ሆኖ ይቀራል። መካከለኛ ድምቀት ያላቸው ቀይና አረንጓዴ ግን ጎን ለጎን አንድ ዓይነት ግራጫ ሆነው ቁጭ ይላሉ። ይህን ፎቶ አይቶ በሰንደቅ ዓላማ ቅደም ተከተል ለማዘዝ የሚጸና ሰው ይኖራል ብዬ አላምንም።

ከመሠረት ቀለሙ ቀጥሎ፣ አንዳንዴም ከእርሱ ቀድሞ፣ ሊታሰብበት የሚገባው ጠርዙ ነው። የላስ ቬጋስ መደበኛ ቺፕ ስፋቱ 39 ሚሊሜትር፣ ውፍረቱ 3.3 ሚሊሜትር ያህል ነው። አሠሪዎች ገንዘባቸውንና ሐሳባቸውን በሰፊው ፊት ላይ ያፈስሳሉ፤ የድርጅት ምልክት፣ ስም፣ አንበሳ፣ የአክሱም ሐውልት። ጨዋታው ሲጀመር ግን ቺፑ ሃያ ሃያ እየሆነ ይቆለልና፣ እንደ መደርደሪያ መጽሐፍ ጀርባው ብቻ ይቀራል። የሃያው ቁልል ቁመት ስድስት ተኩል ሴንቲሜትር ገደማ ነው፤ አከፋፋዩም፣ ተቀናቃኙም፣ ከጠረጴዛው ማዶ የተቀመጠውም ሰው የሚያነበው ይህንኑ ዓምድ ነው። በሙያችን ከሚያስወቅሱን ነገሮች አንዱ በአረንጓዴ ቁልል ውስጥ የተደበቀ አንድ ባዕድ ቺፕ አለማየት ነው። የጠርዝ ሰረዞች የተፈጠሩትም ለዚሁ ነው፤ ተመሳሳይ ቺፖች ሲደራረቡ ሰረዞቹ የራሳቸውን መልክ ያወጣሉ፣ የተለየው ሲገባ መልኩ ይቋረጣል።

በፎቶግራፉ ላይ ያሉት ሦስቱም ቺፖች አንድ ዓይነት ነጭ ሰረዝ ስላላቸው ይህ መከላከያ ጠፍቷል። ብዙ ሰው ስብስቡ «አንድ ቤተሰብ እንዲመስል» ሲል ይህን ያደርጋል፤ ውበቱን አልክድም። ግን ቤተሰብነቱ በፊቱ ንድፍ ላይ ሊቀመጥ ሲችል ጠርዝን ማመሳሰል ለምን ያስፈልጋል? ካዚኖዎች ዋጋው ከፍ ሲል ሰረዙንም ያበዛሉ፤ የአንድ ዶላሩ ባዶ ወይም ሁለት ሰረዝ ያለው ሲሆን፣ የመቶውና የአምስት መቶው ቺፕ በብዙ ቀለማት የተሰበጣጠረ ነው። ይህ ለኪስም ይስማማል፤ ሰረዝ በበዛ ቁጥር የአንዱ ቺፕ ዋጋ ስለሚጨምር፣ በብዛት የሚታዘዙት ትናንሾቹ ርካሽ፣ በጥቂቱ የሚታዘዙት ትልልቆቹ ውድ ቢሆኑ ሒሳቡ ይገጥማል።

ብርሃኑን በተመለከተ፣ አብዛኞቹ ቤቶቻችን የምግብ ጠረጴዛው ላይ ሞቅ ያለ ቢጫማ አምፖል፣ ማለትም 2700 ኬልቪን አካባቢ ያለውን፣ ይጠቀማሉ። እንዲህ ዓይነቱ ብርሃን ሰማያዊ ጨረሩ አነስተኛ ስለሆነ፣ ጠቆር ያለ ሰማያዊ፣ ወይን ጠጅና ጥቁር አንድ ላይ ይጨልማሉ፤ በሌላው ጫፍ ደግሞ ነጭ፣ ክሬምና ፈዛዛ ቢጫ ይመሳሰላሉ። በኮምፒውተር ስክሪን ላይ ግልጽ የነበረው ልዩነት እዚህ ይጠፋል፤ ስክሪኑ የራሱን ብርሃን ያወጣል፣ ቺፑ ግን የቤታችሁን አምፖል ነው የሚመልሰው። ብርሃኑ እጅግ ሲቀንስ ደግሞ ከሁሉ በፊት የሚጠቁረው ቀይ ነው፤ ይህን ቼካዊው ሐኪም ያን ፑርኪንዬ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አስተውሎታል። ዕድሜም የራሱ ድርሻ አለው። የዓይን ሌንስ ከጊዜ ብዛት ቢጫ እየሆነ ስለሚሄድ፣ ጋሼ እያልን የምናከብራቸው ተጫዋቾች ሰማያዊውን ከአረንጓዴው ለመለየት ቺፑን ወደ መብራቱ ሲያነሱ እናያለን። ናሙናውን በቀን ብርሃን በረንዳ ላይ ሳይሆን፣ ማታ፣ በዚያው ጠረጴዛ፣ በዚያው አምፖል ሥር መርምሩ የምለው ለዚህ ነው። የጠረጴዛው ጨርቅም ይቆጠራል። ብዙው ጨርቅ አረንጓዴ ነው፤ በእርሱ ላይ የተበተነ አረንጓዴ ቺፕ ከሩቅ አይታይም፣ በተለይም በፎቶግራፉ እንደሚታየው በብዛት የሚዘዋወረው የአንድ ዶላሩ ቺፕ አረንጓዴ ከሆነ።

ነጭን የሚመርጡም አሉ፤ ንጹሕና ክቡር ይመስላል። ከሸክላ ቅይጥ የተሠራ ነጭ ቺፕ ግን የእጅ ላብና እድፍ ቶሎ ይይዛል። ፈረንጆቹ በጨዋታ መካከል ድንች ጥብስ ይበላሉ፤ እኛ ቤት ደግሞ ጥብሱና ቀይ ወጡ በእጅ ተበልቶ፣ እጅ ታጥቦም የበርበሬው ቅባት ከጥፍር ሥር ስለማይለቅ፣ ነጩ ቺፕ ብዙም ሳይቆይ ብርቱካናማ ይሆናል። ነጭ የግድ ከተፈለገ ከሴራሚክ ቢሠራ ይመረጣል፤ በእርጥብ ጨርቅ ሲጠረግ ይጸዳል።

ነቅፎ መሄድ ብቻ ስለማይበቃ የራሴን ምርጫ ላስቀምጥ። ስምንት ሰው የሚጫወትበት፣ የግዴታ መነሻ ውርርዱ 25 እና 50 ሳንቲም የሆነ፣ እያንዳንዱ በ40 ዶላር የሚገባበት ጠረጴዛ እንበል። አራት መቶ ቺፕ ይበቃዋል፤ 100 የ25 ሳንቲም፣ 200 የ1 ዶላር፣ 80 የ5 እና 20 የ25 ዶላር። ለእያንዳንዱ ሰው 8 ባለ 25 ሳንቲም፣ 18 ባለ አንድ እና 4 ባለ አምስት ቢሰጠው 40 ዶላር ይሞላል፤ የተረፈው ለሚጨምር ሰው ይቀመጣል። የሳንቲሙን ቺፕ ያለ ምንም ሰረዝ ደማቅ ቢጫ አደርገዋለሁ። የአንድ ዶላሩ ፈካ ያለ ሰማያዊ ሆኖ ሁለት ሰፋ ያሉ ጠቆር ያለ ሰማያዊ ሰረዞች ይኖሩታል፤ ሌሊቱን ሙሉ በብዛት የሚታየው እርሱ ስለሆነ፣ አሠሪው በጣም የሚወደውን የሰማያዊ ዓይነት ለዚህ ቢያስቀምጥ ይገባዋል። አምስቱ፣ ማንም እንደሚጠብቀው፣ ቀይ ሆኖ ቢጫ ሰረዝ ይኑረው። ሃያ አምስቱ ላይ ግን ሁለት መንገድ አለ። በጠረጴዛው ዙሪያ ቀለም የሚያምታታው ሰው ከሌለ፣ ከካዚኖው ጋር የሚስማማው አረንጓዴ ይሁን፤ ሰረዙ በዝቶና ነጭ ሆኖ ከቀዩ ይራቅ። እንዲህ ዓይነት ሰው ካለ ደግሞ ስድስት ሰፋፊ ነጭ ሰረዝ ያለው ጥቁር እመርጣለሁ፤ ሰረዙ ባይኖር ቀይ ለሚጠቁርበት ዓይን ይህም ከአምስቱ ጋር ይምታታ ነበር።

ጥቁር በካዚኖ መቶ ነውና ራስህ የነቀፍከውን አደረግህ የሚለኝ አንባቢ ይኖር ይሆናል። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። በዚህ ቤት የመቶ ዶላር ቺፕ ስለሌለ ጥቁሩን ከሌላ ጋር የሚያጋጭ ነገር የለም፤ ደግሞም በስሕተት መቶ የመሰለው ሰው ቺፑን ሲይዝ ይጠነቀቃል እንጂ እንደ ዋዛ አይወረውረውም። የቢጫውም ነገር እንዲሁ ነው፤ ሳንቲሙን አንድ ሺህ ዶላር ነው ብሎ የሚሳሳት ሰው ከመጣ፣ ችግሩ የቀለም አይደለም። ጉዳት የሚያመጣው ትልቁ ዋጋ ሰው ትንሽ ብሎ የሚያውቀውን ቀለም ሲለብስ ነው፤ ቀይ ሃያ አምስት ማለት ይህ ነው።

የሰንደቅ ዓላማውን ቀለማት ማየት የሚፈልግ ሰው ስሜት ይገባኛል፤ እኔም በሥራ ቦታዬ ቦርሳዬ ላይ አስሬያቸዋለሁ። ቦታቸው ግን የቺፑ ፊት ነው። በመሃል ላይ የሚገባው ክብ ሥዕል ሦስቱን ቀለማት በቀለበት፣ ወይም እንደ መሶብ ስፌት በዙሪያው በሚዞር ጥልፍ መልክ ሊይዝ ይችላል፤ ቁጥሩም በግዕዝ አኃዝ ጭምር ቢጻፍ፣ ፩፣ ፭፣ ፳፭፣ እጅግ ያምራል። እንዲያውም ይህ ለአራቱም ዋጋ ሳይለወጥ ሊደገም ስለሚችል፣ ስብስቡን አንድ ቤተሰብ የሚያደርገው እርሱ ይሆናል። የተለመደው አኃዝ ግን በጉልህ ይጻፍ፤ እንግዳው ሁሉ የግዕዙን ማንበብ አይችልም፣ ከእኛም መካከል ፳ እና ፳፭ን ቆም ብሎ የሚያስብባቸው አይጠፋም። ሦስቱ ቀለማት በጠርዝ ሰረዝነት በሁሉም ቺፕ ላይ ይደገሙ የሚለውን ሐሳብ ግን አልቀበልም። በነጭ ሰረዝ የተፈጠረው ችግር በአረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ሰረዝ ተመልሶ ይመጣል፤ እንዲያውም ቀዩ ሰረዝ በቀዩ ቺፕ ላይ፣ ቢጫውም በቢጫው ላይ ስለሚጠፋ፣ ሰንደቅ ዓላማው ራሱ በየቺፑ ላይ የተጎደለ ሆኖ ይቀራል።

ስለ ሥራው ዓይነት ጥቂት ብቻ ልጨምር። የሸክላ ቅይጡ ቺፕ በሙቀትና በግፊት የሚሠራ ሲሆን፣ የጠርዙ ሰረዝ በቀለም የተቀባ ሳይሆን ከሌላ ቀለም ቅይጥ ተቆርጦ የገባ ስለሆነ አይለቅም፤ ነገር ግን ቀለሞቹ አምራቹ ካሉት ቅይጦች ውስጥ የሚመረጡ እንጂ እንደ ልብ የሚፈጠሩ አይደሉም። ሴራሚኩ ንድፉ ገጽታው ላይ የሚታተምበት በመሆኑ የፈለጉትን ቀለም፣ ጥልፍና ፊደል ይቀበላል፤ ስለዚህም የመሶብ ስፌት የሚፈልግ ሰው ወደዚህ ቢሄድ ይሻለዋል። ርካሹ ፕላስቲክ መሃሉ ላይ ብረት ተቀብሮበት 11.5 ወይም ከ13 ግራም በላይ ይመዝናል፤ ሻጮች ክብደቱን እንደ ጥራት ያወሩለታል፣ የካዚኖው የሸክላ ቅይጥ ቺፕ ግን ከ10 ግራም ብዙም አያልፍም።

ቀለሙን ከስክሪን ላይ አይታችሁ አትወስኑ፤ አብዛኞቹ አምራቾች በትንሽ ክፍያ የናሙና ስብስብ ይልካሉ፣ ያንን በእጅ ይዞ መመርመር ከሁሉ ይቀድማል። ሲታዘዝም ከሚያስፈልገው ቁጥር በላይ በእያንዳንዱ ዋጋ ጥቂት መጠባበቂያ አብሮ ይታዘዝ። የቀለም ቅይጥ ከአንዱ ዙር ወደ ሌላው ዙር በጥቂቱ ይለያያልና፣ ከዓመት በኋላ ለጠፉት ምትክ ተብለው የሚመጡት ሰማያዊ ቺፖች ከቀድሞዎቹ ትንሽ ሊደምቁ ወይም ሊደበዝዙ ይችላሉ፤ ያን ጊዜ በአንድ ቁልል ውስጥ ሁለት ሰማያዊ ይታይና፣ አንዱ ተጫዋች ባለ አንዱን ሌላ ዋጋ ያለው መስሎት ቁልሉን አፍርሶ መቁጠር ይጀምራል።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
አንባቢያችሁ፣ ከላስ ቬጋስ፣ ኔቫዳ